የፍየል ጥበቃ በኢትዮጵያ

የፍየል ጥበቃ በኢትዮጵያ አነስተኛ ይዞታ ባላቸው ገበሬዎች ዘንድ ከእርሻ ጎን ለጎን የሚካሄድ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የእንስሳት ናሙና ጥናት መሠረት በአገሪቱ 52 ሚሊዮን ገደማ ፍየሎች ነበሩ። አብዛኞቹ የሚገኙት በትልልቅ የእርባታ ጣቢያዎች ሳይሆን በአርብቶ አደሮች መንጋና ጥቂት ፍየሎች ብቻ ባሏቸው የገበሬ ቤተሰቦች እጅ ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው በአማራ ክልል በዋግ ኽምራና በወሎ ምሥራቃዊ ቆላዎች ያለውን አሠራር ነው። ከመንጋው የሚሸጠው እንስሳ ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው አዲስ አበባ ስለሆነ እስከዚያው ድረስ ይከተለዋል።

በተለምዶ ፍየል ራሷን የምታኖር፣ እምብዛም ጥበቃ የማትሻ እንስሳ ተደርጋ ትታያለች። ለበሬው ጭድ ይቀመጥለታል፣ ላሟ ገለባና አተላ ይቀርብላታል፤ ፍየል ግን «ሜዳ ላይ ሄዳ ትብላ» ትባላለች። የአንድን ቀን ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ ለተከታተለ ሰው ይህ አስተያየት ልክ አይደለም። ፍየሏ መኖዋን ከገበሬው ጎተራ አትወስድም፤ በምትኩ የሰው ጉልበት ትወስዳለች፣ ያም ጉልበት ባብዛኛው የልጆችና የሴቶች ነው።

የፍየል ዓይነቶች

የቤት ፍየል ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ ምዕራብ እስያ ከዱር ፍየል ተላምዳ የተገኘች ናት። በሰሜን ተራሮች ብቻ የሚኖረው ዋልያ የዱር ዘመዷ እንጂ ቅድመ አያቷ አይደለም። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በኤርትራ 14 የፍየል ዓይነቶች ተለይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ የአበርገሌ ፍየል በዋግ ኽምራና በተንቤን ቆላ የምትገኝ፣ ቁመቷ አነስ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ቀላ ያለ ቀለም ያላት ናት። በሰሜን ምዕራብ ቆላ ያለችው የበጋይት ፍየል ደግሞ ከፍ ያለችና በወተቷ የታወቀች ናት።

እረኛው ግን በእነዚህ ስሞች አይጠቀምም። ፍየሎቹን የሚለየው በመልክና በቀንድ ነው፦ ዳለቻዋ፣ ቡሬዋ፣ ግንባሯ ነጭ የሆነው ቦቃ፣ ቀንድ የሌላት ጎዳ። የወንዱም ስም እንደ ዕድሜውና እንደ ሁኔታው ይለያያል። ያልተኮላሸው ጎረምሳ ወጠጤ ሲባል፣ ተኮላሽቶ የሰባው ሙክት ይባላል።

የዕለቱ ሥራ

ቀኑ የሚጀምረው ከጉረኖው ነው። ጉረኖ በእሾህ ወይም በድንጋይ ካብ የታጠረ የበግና የፍየል ማደሪያ ነው። ጅብ በሚበዛበት አካባቢ ፍየሎቹ ከሰዎቹ ጋር በአንድ ጣራ ሥር፣ በመደብ ወይም በአጠና በተለየ ክፍል ያድራሉ። በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ማየት ነው። ከሌሎቹ ጋር ተሽቀዳድማ ያልወጣች፣ ያነከሰች፣ የምታስል፣ ከጭራዋ ሥር የቆሸሸች ፍየል ካለች የምትታወቀው በዚች ጥቂት ደቂቃ ነው። ልምድ ያለው ጠባቂ ብዙ ጊዜ ቁጥር አይቆጥርም፤ የጎደለችው ማን እንደሆነች በዓይኑ ያውቃል።

በዋግ ኽምራ የወለዱት ፍየሎች ከመሰማራታቸው በፊት ይታለባሉ። ከአንዲት የአበርገሌ ፍየል የሚገኘው ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው። ግቷ እስኪደርቅ አይታለብም፣ ለግልገሏ ይተውላታል። በብዙው የአማራ ደጋ የፍየል ወተት መጠጣት የተለመደ አይደለም፤ እንዲያውም የሚያፍሩበት አሉ። ላም ማቆየት በማይቻልበት ደረቅ ቆላ ግን ለሕፃናት የሚገኘው ወተት ይኸው ነው። ፍየል «የድሃ ላም» የምትባለውም በዚህ የተነሳ ነው።

መንጋው የሚወጣው ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነው። ይህ የእረኛ ስንፍና የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን በቂ ምክንያት አለው። በሆድ ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ትሎች እንቁላላቸው ከፍግ ጋር ወጥቶ ይፈለፈላል፤ እጮቹም እርጥብ ሣር ላይ ይወጣሉ። ፀሐዩ ሲበረታና ሣሩ ሲደርቅ ወደ ሥሩ ይመለሳሉ። ጤዛው ላይ የተሰማራች ፍየል ትሉን ከሣሩ ጋር ትውጣለች።

ፍየል እንደ በግና እንደ ከብት አንገቷን ደፍታ ሣር መጋጥን አታስቀድምም። ቅጠል ቀንጣቢ ናት። ከንፈሯና ምላሷ እንደ ልብ ስለሚታዘዙ ከእሾህ መሐል ቅጠሉን ለይታ ትለቅማለች፤ ሲርቃት በሁለት እግሯ ቆማ ትደርስበታለች። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለው ተረት ለቸኩል ሰው ይነገር እንጂ ጠባይዋን በትክክል ይገልጻል። ከግራር፣ ከቁርቁራ፣ ከክትክታ፣ ከአጋምና ከወይራ ጥቂት ጥቂት እየቀነጠበች ትሄዳለች እንጂ አንድ ቦታ ቆማ ሆዷን አትሞላም። በዚህ ምክንያት የፍየል እረኛ እንደ ከብት እረኛ ጥላ ሥር መቀመጥ አይችልም። ከፊት ሲቀድም ያዘገያታል፣ ከኋላ ሲሆን የቀረችውን ያሰባስባል፤ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ነው።

መሣሪያው ዱላ፣ ወንጭፍና ቅዝምዝም ነው። ቅዝምዝም ከመንጋው የወጣችውን ለመመለስ የሚወረወር አጭር ዱላ ነው። «ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ» የሚለው አባባል የመጣው ዱላው ፍየሏ ካለችበት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲወረወር ነው፤ ዛሬ አባባሉን የሚጠቀሙ የከተማ ሰዎች ብዙዎቹ ቅዝምዝም ምን እንደሆነ አያውቁም።

በቀትር መንጋው ጥላ ሥር ይተኛል። ፍየል ሆዷ በአራት የተከፈለ አመስኳኪ እንስሳ ስለሆነች ጠዋት ቶሎ ቶሎ የዋጠችውን መልሳ የምታላምጠው በዚህ ሰዓት ነው። ያላመሰኳች ፍየል ለእረኛው የመጀመሪያዋ የሕመም ምልክት ናት። ከዚያ ወደ ውኃ ይወርዳሉ። በበጋ ወንዙ ሲደርቅ ጉዞው ይረዝማል፤ ሁለት ቀን ውኃ ሳይጠጡ የሚቆዩበትም ጊዜ አለ። ከአፋር የሚመጣ አሞሌ ጨው ባለበት ቤት አልፎ አልፎ እንዲልሱ ይሰጣቸዋል። የበጋው ወራት ሲጠነክር እረኛው ከግራር ላይ ቅርንጫፍ ይመለምላል፣ ወይም በረጅም ቆላፋ እንጨት ፍሬውን ያራግፋል። የግራር ፍሬ ሣሩ ሁሉ በደረቀበት ወቅት ያለ ወጪ የሚገኝ ገንቢ መኖ ነው።

ከ11 ሰዓት በኋላ መንጋው ወደ ቤት ይመለሳል። ከቀኑ ሁሉ ጫጫታ የሚበዛበት ሰዓት ይህ ነው፤ እናቶቹ ከውጭ፣ ግልገሎቹ ከውስጥ ይጮኻሉ። እናት ልጇን የምትለየው በድምፅና በጠረን ነው፤ የሌላዋን ግልገል ገፍታ ታባርራለች። ግልገሎቹ ሲለቀቁ አንድ ሰው ቆሞ መመልከት አለበት። መንታ ከተወለዱት ደካማው ጡት ሳይደርሰው እንደሚያድር የሚታወቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ግልገሎች

ፍየል የምታረግዘው ለ5 ወር ገደማ ነው። ከላም ጋር ሲነጻጸር ቶሎ ትወልዳለች፣ መንታ የምትወልድበትም ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ከድርቅ በኋላ ገበሬው መጀመሪያ መልሶ የሚያፈራው ሀብት ፍየል ነው። ሆኖም የተወለደው ሁሉ አያድግም። መንጋው እንዳይበዛ የሚያደርገው ትልቁ ምክንያት የታላላቆቹ ሞት ሳይሆን የግልገሎቹ ሞት ነው፤ ይህም የሚሆነው ባብዛኛው ጡት ከመጣላቸው በፊት ባሉት ወራት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ወሳኝ ነው። የፍየል ግልገል በማኅፀን ሳለ በሽታ መከላከያ ከእናቱ አይተላለፍለትም፤ የሚያገኘው ከወለደች በኋላ ከሚመጣው እንገር ነው። አንጀቱም ይህን መከላከያ እንዳለ መቀበል የሚችለው በመጀመሪያው አንድ ቀን ውስጥ ነው። እናቲቱ ሜዳ ላይ ወልዳ ግልገሉ ሳይጠባ ከዋለ፣ ወይም እንገሩ ለግልገሉ «ይከብደዋል» ተብሎ ከታለበ፣ ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ተቅማጥ ሆኖ ይመጣል፣ ሰዉም ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ መውለጃዋ የደረሰች ፍየል ቤት ትውላለች፤ ሜዳ ከወለደችም እረኛው ግልገሉን አጥብቶ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ይመለሳል።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ግልገሎች ከመንጋው ጋር አይሰማሩም። በቅርጫት ሥር ወይም በቤቱ ጥግ በተከለለ ቦታ ይውላሉ። እነሱን የሚያይ፣ ጉዝጓዙን የሚቀይር፣ ለስላሳ ቅጠል የሚያንጠለጥልላቸው የቤቱ ሴት ወይም ትንሽ ልጅ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቅጠል መንከስ ይጀምራሉ፤ ይህም የሆዳቸውን ትልቁን ክፍል ለማመንዠክ ያዘጋጀዋል።

የወተቱ ክፍፍልም የሚወሰነው በዚሁ ቤት ነው። ከአንዲት ፍየል የሚወጣው ጥቂት ወተት በሰው ልጅና በግልገሉ መካከል ይካፈላል። ለሕፃኑ ብዙ ከታለበ ግልገሉ ይከሳል፤ ለግልገሉ ከተተወ ሕፃኑ እንጀራ ብቻ ይበላል። ይህን በየጠዋቱ የምትወስነው አላቢዋ ናት፤ ስለ ፍየል እርባታ የሚጻፉ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ ይህን ክፍል ይዘሉታል። ፋርም አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በሐረርጌና በወላይታ የጀመረው የወተት ፍየል ፕሮግራም ለድሃ ሴቶች ፍየል በብድር ሰጥቶ ብድሩ በግልገል እንዲመለስ ያደረገው ይህን በመረዳት ነበር። በሰቆጣ አካባቢ ደግሞ ተመራማሪዎች ከገበሬዎች ጋር ሆነው ከራሱ ከአበርገሌ መንጋ ምርጥ አውራዎችን እየለዩ በጋራ የሚያዳቅሉበት ዘዴ ተሞክሯል። የውጭ ዝርያ ከማምጣት ይልቅ ይህኛው ለቆላው ኑሮ የሚስማማ ይመስላል፤ ብዙ ወተት የምትሰጥ ፍየል ብዙ መኖም ትፈልጋለችና።

እረኛውና ትምህርት ቤት

ፍየል ጠባቂው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ከ6 ወይም ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ግልገል ይጠብቃል፤ ሲጠነክር መንጋው ይሰጠዋል። ወንዶቹ ይበዛሉ፣ ሴቶች ልጆችም ይጠብቃሉ። ልጅ የሌለው ቤት ዘመድ ያስመጣል ወይም እረኛ ይቀጥራል፤ ደመወዙም በገንዘብ፣ በእህል ወይም በዓመቱ መጨረሻ በሚሰጥ ግልገል ይሆናል። ፍየል የሌለው ሰው የሌላውን ፍየል ተረክቦ ጠብቆ የሚወለደውን የሚካፈልበት የርቢ ውልም አለ። ለብዙ ድሃ ቤተሰብ የመጀመሪያዋ ፍየል የምትገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ትምህርት ቤት በየቀበሌው ከተስፋፋ ወዲህ የፍየል ጥበቃ ትልቁ ጥያቄ ይህ ሆኗል። በገጠር ብዙ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ያስተምራሉ፤ ስለዚህ አንዱ ልጅ ጠዋት ሲማር ሌላው ይጠብቃል፣ ከሰዓት በኋላ ይለዋወጣሉ። ይህ የሚሠራው ቤቱ ሁለት የደረሱ ልጆች ሲኖሩት ነው። አንድ ብቻ ካለ፣ ወይ መንጋው ዘግይቶ ወጥቶ ቶሎ ይመለሳል፣ ወይ ልጁ ከክፍል ይቀራል። ብዙ የሚቀሩትም ሁለት ጊዜ ነው፦ አዝመራው ሜዳ ላይ ባለበት በመስከረምና በጥቅምት፣ እንዲሁም ውኃው በሚርቅበት በበጋው መጨረሻ። ጎረቤቶች መንጋቸውን አንድ ላይ ቀላቅለው በየተራ የሚያስጠብቁባቸው መንደሮች አሉ፤ ልጆቹን የሚያሳርፍ ቢሆንም በሽታ ከአንዱ መንጋ ወደ ሌላው የሚዛመትበትም መንገድ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው የልጁ ደብተርና ልብስ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ከዚያው መንጋ በተሸጠች ፍየል መሆኑ ነው። ፍየል ለገበሬው እንደ ባንክ ናት። በሬ ለአንድ ሕክምና ወጪ አይሸጥም፤ ፍየል ግን ለማዳበሪያ፣ ለሐኪም ቤት፣ ለማኅበር ድግስ ትሸጣለች። መንጋው ከሌለ የትምህርቱ ወጪ የለም፤ መንጋው ካለ ደግሞ አንድ ሰው መጠበቅ አለበት።

አዝመራ፣ ደንና ፍየል

በክረምት የእረኛው ጭንቀት ጅብና ነብር ብቻ አይደሉም። ማሳው ሁሉ ሲዘራ የግጦሹ ቦታ ይጠብባል፤ ፍየል ለጥቂት ደቂቃ ካመለጠች የሰው ማሽላ ወይም ጤፍ ውስጥ ትገባለች። የተበላው አዝመራ በሽማግሌ ይገመትና ካሳ ይከፈላል፤ የጎረቤት ጠብ የሚነሳውም በዚህ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ግን ማሳው ለሁሉም መንጋ ክፍት ይሆናል፤ ፍየሎቹም ቃርሚያውን እየበሉ ፍጋቸውን ይተዋሉ።

ፍየል ደን አጥፊ ናት የሚለው ክስ የቆየ ነው። ችግኝ የተተከለበት ኮረብታ ላይ ከተለቀቀች በእርግጥ ለጋውን ቀንጥባ ታስቀረዋለች፤ ለዚህም በወሎና በዋግ ብዙ ተዳፋት ከግጦሽ ተከልሎ፣ ሣሩ ታጭዶ ለቤት እንስሳ እንዲቀርብ ተደርጓል። ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ከአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር የገባበት አንዱ ምክንያት የቤት እንስሳት ግጦሽ ነበር። ነገር ግን ፍየል ብዙ ጊዜ የምትታየው ዛፉ ለማገዶና ለእርሻ ተመንጥሮ፣ ሣሩም በከብት አልቆ ቁጥቋጦ ብቻ በቀረበት መሬት ነው። መጨረሻ ላይ የተገኘችው እሷ ስለሆነች ሁሉንም እሷ እንዳደረገችው መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም።

በሽታ

በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ያስከተለው የከብት ወረርሽኝ በአማርኛ «ደስታ» ይባላል፤ ስያሜው ከክፋቱ ጋር ፈጽሞ አይሄድም። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ (ፒፒአር) ግን አለ፤ በዓለም ደረጃ እስከ 2030 እንዲጠፋ ታቅዷል። የያዛት ፍየል ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ ይታይባታል። ተላላፊው የፍየል የሳንባ በሽታም በተጨናነቀ ጉረኖ በፍጥነት ይዛመታል። የሁለቱም ክትባት ቢሾፍቱ ባለው የመንግሥት ክትባት ማምረቻ ይመረታል። አስቸጋሪው ማምረቱ ሳይሆን ማድረሱ ነው፤ ክትባቱ ቀዝቃዛ ቦታ ሳይለቅ መንገድ የሌለው ቀበሌ መድረስ አለበት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት በዋግ ኽምራና በአካባቢው ብዙ እንስሳት ተዘርፈዋል፣ የእንስሳት ሕክምናውም ተቋርጦ ነበር።

ከባቲ እስከ ውቤ በረሃ

ከደሴ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ናት፤ የአፋር አርብቶ አደር፣ የኦሮሞና የአማራ ገበሬ የሚገናኙባት ናት። ገዢው ፍየሏን የሚመረምረው በእጁ ነው፤ ወገቧን ጨብጦ ሥጋዋን ይለካል፣ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። ከፊት ያሉት የወተት ጥርሶች በቋሚ የሚተኩት ጥንድ በጥንድ ስለሆነ አንድ ጥንድ የለወጠች ወደ አንድ ዓመት ተኩል፣ አራቱንም ጥንድ የለወጠች ወደ አራት ዓመት ትገመታለች።

ዋጋው የሚከተለው የጾሙንና የበዓሉን አቆጣጠር ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት የክርስቲያኑ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለአረፋ ይወደዳል። ሙክት ያለው ገበሬ የመሸጫውን ቀን ከወራት በፊት ያስባል። ችግሩ ልጅ የታመመበት ወይም ማዳበሪያ መክፈል ያለበት ገበሬ በዓል መጠበቅ አለመቻሉ ነው፤ ርካሽ በሆነበት ወር ይሸጣል፣ ልዩነቱን የሚያገኘው ነጋዴው ነው። ከቦረናና ከአፋር የሚመጡ የቆላ ፍየሎች ከፊላቸው ሞጆና ቢሾፍቱ ባሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ታርደው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይላካሉ። ሌሎቹ በአይሱዙ ተጭነው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሾላ፣ ካራና ሌሎች የቁም እንስሳት ገበያዎች ይገባሉ።

ከእነዚህ ገበያዎች በበዓል ዋዜማ ፍየል ተሸክመው ወይም በገመድ እየሳቡ ወደየሰፈሩ የሚሄዱ ሰዎች ይታያሉ። አንዱ መድረሻ በአራዳ፣ ከፒያሳ አጠገብ ያለው ውቤ በረሃ ነው። ስሙ «በረሃ» ቢልም ቆላ አይደለም፤ የጥንቱ መሐል ከተማ ሰፈር ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት የከተማዋ ትልቅ ገበያ እዚሁ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር፤ ወደ መርካቶ የተዛወረው በወረራው ዘመን ነው። አራዳ ላይ በግ ለበዓል ዶሮን ተከትሎ ቅድሚያ ያገኛል፤ ፍየል የሚመርጡት ስብ የማይወዱና ጥብሱን የሚያደንቁ ናቸው። በጠባብ ግቢ ውስጥ ለአንድ ሌሊት ታስራ የምታድረው ፍየል የግቢውን አበባና የታጠበ ልብስ ሳይቀር ትቀምሳለች፤ የከተማ ልጆችም ስለ ፍየል ጠባይ የሚማሩት ያን ሌሊት ነው።

ከታረደች በኋላ የሚቀረው ሌጦ ነው። የፍየል ሌጦ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ለዘመናት ብራና ተፍቆበታል፣ አቁማዳና ስልቻ ተሰፍቶበታል፣ የማሲንቆ ሳጥን ተለብዶበታል። የባቲ ፍየል ሌጦ በዓለም የቆዳ ገበያ በራሱ ስም ይታወቃል። እሾህ የጫረው፣ እከክ የበላው ወይም አራጁ የበሳው ሌጦ ዋጋው ይወርዳል፤ እረኛው ከእሾህና ከእከክ ያዳነው ቆዳ መጨረሻ ላይ በአንድ ቢላዋ ስህተት ሊበላሽ ይችላል። በበዓል ማግስት በየመንደሩ «ቆዳ ያለው!» እያሉ የሚዞሩ ገዢዎች በከተማው የተለመዱ ነበሩ። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ዋጋው እጅግ ስለወደቀ ብዙ ሌጦ ሳይሸጥ ቆሻሻ ላይ ይጣላል።